ጋኔኑን አታጥምቁብን

በአገራችን ጋኔን በዐይኑ ያየ ሰው የለም፤ ያየ ሰው የሚያውቅ ግን በየቤቱ ሞልቷል። እስቲ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ጠይቁት። «እኔስ እግዜር ይጠብቀኝ!» ይልና ያማትባል፤ ካማተበ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የአጎቴ ሚስት ወንድም ግን…» ብሎ ይጀምራል። የአጎቱን ሚስት ወንድም ፈልጋችሁ ስታገኙት እሱም አላየም፤ ያየው አብሮት ከብት ይጠብቅ የነበረ ልጅ ነው። ልጁስ? ወታደር ቤት ገብቶ በዚያው ቀረ። ወታደር ቤቱን ተከትላችሁ ጎዴ ድረስ ብትወርዱ «ጡረታ ወጥቶ ሐዋሳ ሱቅ ከፍቷል» ይሏችኋል። ሐዋሳ ደርሳችሁ ስትጠይቁት ሳቅ ይልና «እኔ አይደለሁም፤ ያየውስ የዚያ የጓደኛዬ የአጎቱ ሚስት ወንድም ነው» ይላችኋል።

ይህን የማውቀው ሥራዬ ስለሆነ ነው። ሥራ ስል ደመወዝ አለው ማለቴ አይደለም። ሰው ቴምብር ይሰበስባል፣ የድሮ ሳንቲም ይሰበስባል፤ እኔ የጋኔን፣ የጭራቅና የዛር ወሬ እሰበስባለሁ። ባለቤቴ «ቴምብር ቢሆን እንኳ በክፉ ቀን ይሸጥ ነበር» ትላለች። እኔም ጥቅሙን እቆጥርላታለሁ፤ ቦታ አይዝም፣ ብል አይበላውም፣ ሌባ አይሰርቀውም። ጉዳቱ አንድ ነው፤ ሌሊት ሽንት ቤት ለመሄድ አጃቢ ያስፈልጋል።

ለማያውቀው የእኛ አገር መንፈስ ሁሉ አንድ ይመስለዋል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ከየትኛውም መሥሪያ ቤት የበለጠ የሥራ ክፍፍል አለ። የቀትር ጋኔን የምሳ ሰዓት ሠራተኛ ነው፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ወንዝ ዳርና ዋርካ ሥር ይሰየማል፣ ጥላ ዘንበል ሲል ይነሣል። የአመድ ጋኔን የማታ ተረኛ ነው፤ ከመሸ በኋላ «በስመ አብ» ሳይል አመድ ወይም የፈላ ውሃ የደፋ ሰው ጉዳዩ ከእሱ ጋር ነው። በጨለማ ያፏጨውን ደግሞ ራሱ ሰይጣን ይቀበለዋል። ጭራቅ ከልጆች ጉዳይ ውጭ አያገባውም። ቆሌና ውቃቢ የቤተሰብ ናቸው፤ አድባር የመንደር ነው። ዛር ግን በማዕረግና በሹመት የሚሄድ ባላባት ስለሆነ የሚቀመጥበትን ፈረስ መርጦ ነው፤ ፈረሱም ሰው ነው። አንዱ በሌላው ወረዳ ገብቶ ሲፈተፍት ሰምቼ አላውቅም። አንዳንድ ቢሮዎች ከእነሱ ልምድ ቢቀስሙ ኖሮ ስንታችን ከመመላለስ በተረፍን ነበር!

የሚሰየሙበትንም ቦታ ልብ በሉ። ጋኔን አለበት የሚባል ወንዝ እግር የሚይዝ አዘቅት አያጣም። ጭራቅ አለበት የሚባል ጫካ ልጅ ቢጠፋበት በቀላሉ የማይገኝበት ጫካ ነው። እናት «ተው፣ እዚያ ጋ ይጠልቃል» ብትል ልጁ ጥልቀቱን ሊለካ ይሄዳል፤ «እዚያ ጋ እግር የሚጎትት አለ» ስትለው ግን ከብቱን በሌላ መልካ ያጠጣል። የአንድ ቀበሌ የጋኔን ወሬ ተጠራቅሞ ቢጻፍ የአካባቢው የአደጋ ካርታ ይወጣዋል። የቦታ ስም የተፋቀበት ካርታ ደግሞ ለመጠቅለያ ካልሆነ ለምንም አይሆን። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

እታለም፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ መንዝ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጥርስ በሚያንቀጫቅጭበት ቀበሌ ይኖራሉ። አንድ ክረምት ልጠይቃቸው ሄጄ ሞባይሌን መቅጃው ላይ አድርጌ ከረከቦቱ አጠገብ አስቀመጥኩና «እታለም፣ እስቲ የድሮውን የጋኔን ወሬ ያጫውቱኝ» አልኳቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ከዚያ ሞባይሉን ቀጥ ብለው እያዩ «በአካባቢያችን ምንም ዓይነት ጋኔን የለም። ሁሉም ነገር ሰላም ነው» አሉ።

ሞባይሉን ኪሴ ከተትኩት። አቦሉ ተጠጣ፣ ቶናው ተጠጣ። ስለ እህል ዋጋ ተወራ፣ የጎረቤት ሠርግ ተቦጨቀ። በረካው ላይ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ባናቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብስበው እንዲህ አሉ፦

«ያ አሁን ባሕር ዛፍ የበቀለበት ግቢ አለ አይደል? እዚያ የገባች ሙሽራ አንድ ማታ አመድ ልትደፋ ወጣች። እንግዳ ናት፣ አገሩን አላወቀች፤ በስመ አብ ሳትል ከነፍሙ ገለበጠችው። ለካስ ጋኔኗ ‹አመዱ ይሙቀው› ብላ ልጇን እዚያው አስተኝታው ኖሯል! በነጋታው ማታ በር ተንኳኳ። ‹የልጄን ዐይን ያጠፋችውን አውጡልኝ!› አለች። ባልየው መንዜ ነው፤ ሙግት ከተነሣ እንቅልፍ አይወስደው። በሩን ሳይከፍት ‹ማን ያይልሻል?› አላት። ‹እኔው ራሴ አይቻለሁ!› ‹አንቺማ ከሳሽ ነሽ፤ ሦስት ምስክር ቁጠሪ።› ሄዳ ሦስት ጋኔን ይዛ መጣች። ‹እነዚህማ ዘመዶችሽ ናቸው፤ ዘመድ ለዘመዱ አይመሰክርም። ሰው አምጪ› አላት። ከሰው ማን ይምጣላት? ‹እንግዲያው ዋስ ጥሪና ቀጠሮ እንያዝ› አላት። ዋስ ፍለጋ ሄደች፤ ይኸው እስከ ዛሬ ዋስ ስትፈልግ ነው።»

«እውነት ነው እታለም?» አልኳቸው።

«እኔ የት አየሁት! የነገሩኝ የአጎትህ ሚስት ወንድም ናቸው» አሉና ሲኒውን አለቃልቀው ካስቀመጡ በኋላ ጨመሩ፦ «በዚያ በኩል በማታ ስታልፍ ግን ‹ዋስ ሁነኝ› የሚልህ ሰው ካለ እሺ እንዳትል።»

ይህ ወሬ ከመንዝ ሌላ የትም ሊወለድ አይችልም። በመስቀልም በጸበልም ሳይሆን በሥነ ሥርዓት ጉድለት ጋኔን መርታት ዕድሜውን በርስት ሙግት የጨረሰ አገር ፈጠራ ነው። ሙሽራዋ «አገሩን አላወቀች» መባሏም ያለ ነገር አይደለም፤ ከሌላ ቀበሌ ተድራ የመጣች ልጅ በአማቶቿ ቤት የሚገጥማትን ሁሉ በሁለት ቃል ይናገራል። የመጨረሻዋን የእታለምን ምክር ደግሞ ለሰው ዋስ ሆኖ ከብቱ የተነዳበት ሰው በደንብ ይገባዋል።

ወሬውን እንደሰማሁት ጽፌ ለአንድ የልጆች መጽሐፍ አዘጋጅ ሰጠሁ። አዘጋጁ የተማሩ፣ ጨዋ፣ ሻይ የሚጋብዙ ሰው ናቸው። ተስተካክሎ ሲመለስልኝ መንዝ ጠፍታ «ከዕለታት አንድ ቀን በአንድ ሩቅ አገር» ሆናለች። ባሕር ዛፉ ተቆርጧል። «ማን ያይልሻል» የሚለው «ለዚህ ምን ማስረጃ አለሽ» ተብሏል። ሙግቱ ወደ ውይይት ተለውጦ በመግባባት ተፈትቷል። ጋኔኗም «አንዲት ጎረቤት» ሆና ልጇ ሐኪም ቤት ሄዶ ድኗል። ከታች በደማቁ ምን ተጽፏል? «ከዚህ ተረት የምንማረው ደረቅ ቆሻሻን በተገቢው ቦታና ሰዓት ማስወገድ እንዳለብን ነው።» ጋኔኗ ተጠምቃ፣ ክርስትና ተነሥታ፣ በጽዳት ክፍል ተቀጥራለች ማለት ነው።

ማጥመቅ የምለው ይህን ነው። ተረት በመጽሐፍ ሲታተም እግሩ ሥር የሥነ ምግባር ትምህርት ካልታሰረለት የሚያመልጥ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ጅቡ አህያን በላ፤ ምን እንማራለን? ጦጣ ዝንጀሮን አታለለች፤ ምን እንማራለን? እታለምን «ከዚህ ምን እንማራለን?» ብላቸው ኖሮ «እኔ አስተማሪ መሰልኩህ?» ብለው አራተኛ ሲኒ በከለከሉኝ ነበር።

በሽታው የእኛ ብቻም አይደለም። ያዕቆብና ዊልሄልም ግሪም የሚባሉት ጀርመናዊ ወንድማማቾች የሰበሰቡትን ተረት በፈረንጆች 1812 ማሳተም ሲጀምሩ፣ «የሚበላ ስለጠፋ ልጆቹን ጫካ ወስደን እንጣላቸው» የምትለው ሴት ወላጅ እናታቸው ነበረች። በኋለኞቹ እትሞች እናት እንዲህ አታደርግም ተባለና እንጀራ እናት ሆነች። ረሀብ እናትን ምን ድረስ እንደሚያስጨክን የሚናገረው ታሪክ የእንጀራ እናት ሐሜት ሆኖ ቀረ። በአንድ የብዕር ጭረት እናት ጸደቀች፤ በዓለም ያለች እንጀራ እናት ሁሉ ግን እስከ ዛሬ ስሟን ማስመለስ አልቻለችም።

እንግዲህ ሰብሳቢ ምን ያድርግ? ስለ ዛሮች አመጣጥ የሚነገረው ወሬ ራሱ መልስ አለው። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት ይላል። አንድ ቀን ፈጣሪ ልጆቿን ሊያይ መጣ። እናት አይደለች? የሰው ዐይን፣ የሰው ቆጠራ ፈራች። ቆንጆ ቆንጆዎቹን ዐሥራ አምስቱን ደብቃ የቀሩትን አሰለፈች። እሱ ግን ምን ይሰወረዋል? «የተደበቁት እንደተደበቁ ይቅሩ» አለ። የተደበቁት ዛር ሆኑ፤ የተሰለፉት እኛ ነን። እግረ መንገዱን የመልከ ጥፉዎቹ ዘር መሆናችንን ማርዳቱን ወሬው ልብ ያለው አይመስልም።

ደብተርና መቅጃ የያዘ ሰው ደጅ ሲደርስ ቤተሰቡ ሁሉ ሔዋን ይሆናል። ከሁሉ በፊት የሚሰለፉት መልከ ጥፉዎቹ ወሬዎች ናቸው፤ ለእንግዳ የሚነገሩት፣ ለካድሬም ለቄስም ለፈረንጅም የማያሳፍሩት። ቆንጆዎቹ ጓዳ ተደብቀው ከበረካ በኋላ ይወጣሉ። አብሮ ያላመሸ ሰብሳቢ ግማሹን ቆጥሮ «ጨረስኩ» ብሎ ይሄዳል።

አብረው ያመሹም ነበሩ። በፈረንጆች 1932 ከዳካር ተነሥቶ ጅቡቲ የሚዘልቅ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጎንደር ገባ። ከአባላቱ አንዱ ደራሲው ሚሼል ሌሪስ በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ አስተርጓሚነት መልካም አየሁ ከሚባሉ ባለዛር ቤት ተመላለሰ፤ ለዛሮቹ የሚታረደውን ከብት ሳይቀር እየገዛ የሚሆነውን ሁሉ በማስታወሻው ያዘ። የዕለት ማስታወሻው በ1934፣ ስለ ጎንደር ዛሮች ያዘጋጀው ጥናት በ1958 ታትመዋል። ያው ቡድን ግን የጎንደሩን የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳ አንሥቶ በምትካቸው ቅጂ ለጥፎ ወደ ፓሪስ ወስዷል። በሥዕሎቹ በኩል ቅጂው ለእኛ ቀረ፣ ዋናው ሄደ። በዛሮቹ በኩል ግን አልተቻለም፤ ቅጂው ፓሪስ ሄደ፣ ዋናዎቹ ጎንደር ቀሩ።

ማምሸት እንኳ ያላስፈለጋት ሰብሳቢም ነበረች። አስቴር ጋኖ የኦሮሞ ልጅ ናት፤ በባርነት ተይዛ ነፃ ከወጣች በኋላ ምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ሠራች። 500 ያህል የኦሮሞ ተረቶች፣ ምሳሌዎች፣ እንቆቅልሾችና ዘፈኖችን በጽሑፍ ሰብስባለች፤ ብዙዎቹ በፈረንጆች 1894 በወጣው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ታትመዋል። አገሯ ሩቅ ነው፤ ደጅ የምትጠናበት ቤት፣ ቡና የምታፈላላት አክስት የላትም። ይህች ልጅ ሔዋንም ቆጣሪዋም ራሷ ስለነበረች የሚደበቃት አልነበረም።

መንግሥቱ ለማ ደግሞ ሩቅ አልሄደም። አባቱን አለቃ ለማ ኃይሉን አስቀምጦ የሚያወሩትን በቴፕ ቀዳ፤ ያንኑ ወደ ጽሑፍ መልሶ በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» ብሎ አሳተመው። መጽሐፉን የከፈተ ሰው አዛውንት ሲያወሩ ይሰማል እንጂ የሚያነብ አይመስለውም። ልጅየው ገጣሚና ጸሐፌ ተውኔት ነበር፤ የአባቱን አማርኛ ላሳምር ቢል የሚያቅተው ሰው አልነበረም። አልነካውም። ትልቅ ጸሐፊ የሚለየው አንዳንዴ እጁን በመሰብሰብ ነው።

ከተሜው አንባቢ «ይህ ሁሉ የገጠር ጉዳይ ነው» ሳይለኝ ወደ አዲስ አበባ ልመለስ። ይህች ከተማ ገና በዳዴ ሳለች ሲኒማ ሲገባላት ያሳየውን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብላ የሰየመች ናት። ምን ትበል? ሥጋና ደም የሌላቸው ሰዎች ግድግዳ ላይ ሲሮጡ አይታለች። ዛሬ ልጆቿ ለመፍራት ትኬት ቆርጠው፣ ፈንዲሻ ይዘው ይገባሉ።

የረጅም መንገድ ሾፌር የነበሩት ጎረቤቴ ጋሼ የሚምሉበት ታሪክ አለ። አንድ ጓደኛቸው ቅዳሜ ማታ ጭፈራ ቤት አንዲት ቀይ፣ ዐይነ ግቡ ልጅ ያገኛል። ሲጨፍሩ ያመሻሉ። ስትወጣ በረዳት፤ ጃኬቱን አልብሶ ቤቷ በር ያደርሳታል። በነጋታው ጃኬቱን ሊቀበል ሲሄድ በሩን የከፈቱት እናት አስገብተው አስቀመጡት፤ ቡና እየተቆላ ዐይኑ ግድግዳ ላይ ያረፈውን ፎቶ ያያል። እሷ ናት። «ልጄ ካረፈች ሦስት ዓመቷ» አሉት። ከእናትየው ጋር ጴጥሮስ ወጳውሎስ መቃብር ሲሄዱ ጃኬቱ መስቀሉ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ጋሼ፣ የጓደኛዎ ስም ማን ነው?» አልኳቸው ብዕሬን አንሥቼ።

«ስሙን ልስጥህ? ሰውየው እኮ ባለትዳር ነው!» አሉ ደንግጠው። ከሙት ጋር መጨፈሩ ለታሪክ ቢመዘገብ ግድ የላቸውም፤ ቅዳሜ ማታ ከቤት መውጣቱ ነው የሚያስፈራቸው።

ይህን ታሪክ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። ሁለት አሜሪካውያን፣ ቢርድስሊና ሃንኪ፣ መኪና ላይ ተሳፍራ ስለምትሰወር ሙት ሴት የሚወራውን ሰብስበው በፈረንጆች 1942 ሲያሳትሙ 79 ዓይነት አገኙ፤ ልብሱ መቃብር ላይ የሚገኝበትም አለ። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው አፋቸውን ይዘው «አሜሪካም ሄዶ ነበር እንዴ!» አሉ።

ሆኖም የጋሼን ታሪክ «ይህማ የታወቀ ነው» ብዬ አልጣልኩትም። እዚህ ከእንግዳ ጋር ቡና የሚቆሉ እናት አሉ፤ መርዶውን እንኳ ቡና ሳይቆሉ አልነገሩም። ጃኬቱም ዝም ብሎ ጃኬት አይደለም፤ ጋሼ ታሪኩን በደገሙት ቁጥር «የአስመራ ቆዳ፣ ገና ሁለቴ ያልለበሰው» ይላሉ፤ ሙቷን ትተው ለጃኬቱ ከንፈር ይመጣሉ። አጥንቱ የዓለም ነው፤ ሥጋው የእኛ ነው። አጥማቂ አዘጋጅ ደግሞ ቀድሞ የሚገፈው ሥጋውን ነው።

አሁን የማያስቀውን ላንሣ። ከምንፈራቸው ሁሉ የከፋው ወንዝ ዳር የሚኖረው አይደለም፤ ጎረቤታችን ላይ የለጠፍነው ነው። ቡዳ። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ ቤተ እስራኤሉ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተባለ። በፈረንጆች 1831 የታተመው የእንግሊዛዊው የናትናኤል ፒርስ ማስታወሻ ሳይቀር ጆሮው ላይ ጉትቻ ያለው ጅብ ታየ የሚለውን ወሬ ይዟል። ሰው በሚሠራው ማረሻ ታርሶ፣ በሚሠራው ድስት ወጥ ተሠርቶ፣ ሠሪው በቡዳነት ይከሰሳል፤ ልጁን የሚያገባለት ያጣል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ስድቡን ከለከለ፤ ወሬው ግን አዋጅ አይሰማም።

እንዲህ ያለውን ወሬ ከመዝገብ እናውጣው? አይደለም። ቡዳውን አጥምቀን «ክፉ እንስሳ» ብናደርገው፣ ያጠብነው ተከሳሹን ብቻ አይደለም፤ ከሳሹንም አብረን አጥበነዋል። መጻፍ ያለበት ወሬው ብቻ ሳይሆን ማን በማን ላይ፣ የት፣ በምን ጊዜ እንዳወራው ነው። የተከሳሹ ቤተሰብ ስም አይጻፍ፤ እነሱ ራሳቸው የሚሉትን ግን ሄዶ መጠየቅ ግድ ነው። ማንም የማይጠይቃቸውን ሰዎች መጠየቅ የሰብሳቢ ግማሽ ሥራ ነው።

ቦታ ለምን እንደሚያስፈልግ ጅቡ ራሱ ይመስክር። በደጋው ሰው ወደ ጅብነት ይለወጣል ይባላል። ሐረር ብትሄዱ ግን ያው ጅብ ጂኒ እየበላ ከተማውን የሚያጸዳ ባለውለታ ነው። በጁገል ግንብ ላይ የሚገባበት ቀዳዳ አለለት፤ በአሹራ ጊዜ በቅቤ የራሰ ገንፎ ይቀርብለታል፤ ደህና አድርጎ ከበላ ዘመኑ መልካም ነው ይባላል። በአንድ በኩል ወንጀለኛ፣ በሌላ በኩል ጥበቃና ትንቢት ተናጋሪ! «በኢትዮጵያ ስለ ጅብ እንዲህ ይታመናል» ብሎ የሚጀምር መጽሐፍ ሁለቱንም ጅቦች በአንድ ጉድጓድ ይቀብራል።

የወሎውን ሐይቅም እዩ። አንዲት ነፍሰ ጡር በልዕልት ተበድላ ብታለቅስ በዙሪያዋ ያለው መሬት ሁሉ ውሃ ሆኖ ልዕልቲቱን ከነወገኖቿ ዋጠ፤ ሴትየዋ የተቀመጠችበት ብቻ ደረቅ ቀረ ይላሉ። ያ ደረቅ መሬት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ነው። ይህን «በአንድ ሩቅ አገር አንድ ሐይቅ ነበረ» ብላችሁ ጻፉት እስቲ! ያቺ ሴት ዳግመኛ ተበደለች ማለት ነው፤ ያውም ልዕልቲቱ ከሞተች በኋላ።

የሚመለከተው ክፍል የለም አልልም። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አለ። ፈቃደ አዘዘ በ1991 ዓ.ም. ባሳተመው «የሥነ ቃል መምሪያ» አሰባሰቡን ለሚማር ሰው በአማርኛ መንገድ ጠርጓል። ዩኔስኮም በፈረንጆች 2003 የማይዳሰስ ቅርስን ለመጠበቅ ስምምነት ካወጣ ወዲህ መስቀል፣ ፍቼ ጨምበላላ፣ ገዳ፣ ጥምቀትና ሸዋል ዒድ ከእኛ አገር ተመዝግበዋል። ደስ ይላል። ነገር ግን በዓል በቀን፣ በአደባባይ፣ በነጭ ልብስ ይወጣል፤ ካሜራ ያየዋል፣ ኮሚቴ ይቋቋምለታል። ጋኔን በሰልፍ አይወጣም። የእታለም ዋስ ፈላጊ ጋኔን የሚመዘገብበት ፎርም ቢኖር እንኳ «የዋስ ስም» የሚለው ላይ ሲደረስ መዝገቡ መዘጋቱ ነው።

ስለዚህ ሥራው የእናንተ ነው፤ የአያት፣ የአክስት፣ የጡረተኛ ሾፌር ዘመድ ያላችሁ ሁሉ። አዲስ አበባም ሁኑ ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭም ሁኑ ዱባይ፣ በስልክ ደውላችሁም ቢሆን አስወሩ። ጥያቄ አታብዙ፤ ቡናው እስኪያልቅ ጠብቁ። መቅዳት ስትፈልጉ አስፈቅዱ፤ ሞባይሉን ግን እንደ ዳኛ ፊት ለፊት አታስቀምጡት። ማን እንደነገራችሁ፣ በየትኛው ቀበሌ፣ የት ወንዝ፣ የት ግቢ እንደሆነ፣ ማን አጠገብ ተቀምጦ እንደሳቀ፣ ማን «አይደለም፣ እንዲህ ነው» ብሎ እንዳቋረጠ ጻፉ፤ ያቋረጠው የተናገረውንም ጨምሩ። «ማን ያይልሻል»ን ወደ «ማስረጃ» አትለውጡ። ሰውን የሚያስከስስ ስም ካለ ሰውሩ። ቅጂውን ከአንድ ቦታ በላይ አስቀምጡ፤ ስልክ ይሰረቃል፣ ይረጥባል፣ በልጅ እጅ ይሰበራል።

ስትጨርሱ ደግሞ ከታች ምንም አትጨምሩ። ሰሚው የሚማረውን ራሱ ያውቃል፤ ባይማርም ፈርቶ ይተኛል፣ ያም ቀላል ጥቅም አይደለም። ጋኔኑ ከነቀንዱ፣ ከነሙግቱ፣ ከነቀበሌው ይቀመጥ። ማጥመቅ የካህን ሥራ ነው፤ የእናንተ መጻፍ ነው።